ችቦው ከመለኮሱ በፊት

የብርሃን በዓል ለልብ ወለድ ደራሲ ምን ይሰጣል? አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ ሁለት ሰዎች በዚህ ጥያቄ ላይ ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ። አንዷ የመጀመሪያ ልብ ወለዷን የጀመረች የከተማዋ ልጅ ናት። ሌላው ዶርዜ ተወልደው ዕድሜያቸውን አማርኛ ሲያስተምሩ የኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ሁለቱ ተናጋሪዎች ለምልልሱ ሲባል የተፈጠሩ ናቸው፤ የሚያነሷቸው ቦታዎች፣ በዓላት፣ መጻሕፍትና ክስተቶች ግን በእውን ያሉ ናቸው።

ደራሲዋ፦ ጋሼ፣ ልብ ወለዴን በጋሞው የመስከረም በዓል፣ በማስቃላ ዋዜማ ነው የጀመርኩት። ሲመሽ ችቦ ከየደጁ ይወጣል፤ ሕዝቡ «ዮ ማስቃላ» እያለ ወደ ደመራው ይተማል፤ ደጋው በእሳት ይደምቃል። ይህን ጻፍኩና ከዚያ በኋላ ብዕሬ አልንቀሳቀስ አለ። ብርሃኑ አለኝ፤ ታሪኩ የለኝም።

መምህሩ፦ የላክሽልኝን አንብቤዋለሁ፣ ልጄ። ያምራል። ችግሩ ከመጨረሻው መጀመርሽ ነው። ችቦ የሚለኮሰው ብዙ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። እስቲ መጀመሪያ ጨለማውን ንገሪኝ። ያ ችቦ የሚያባርረው የትኛውን ጨለማ ነው?

ደራሲዋ፦ የክረምቱን ነዋ። የብዙ አገር ሕዝብ በክረምት እኩሌታ መብራት ያበራል። ስዊድኖች የሉሲያን ቀን በእኛ ታኅሣሥ 4 በሻማ ያከብራሉ። ኢራናውያን የዓመቱን ረጅም ሌሊት፣ ያልዳን፣ ሮማን እየበሉና ግጥም እያነበቡ ያነጉታል። አይሁድ በሐኑካ ስምንት ሌሊት መብራት ያበራሉ። የእኛንም ከእነዚያ ጋር አንድ ላይ አስቤው ነበር።

መምህሩ፦ የሰዉ ስሜት ይመሳሰላል፤ ሰማዩ ግን አይመሳሰልም። ስቶክሆልም ላይ በዚያ ወር ፀሐይ በቀን 6 ሰዓት ያህል ብቻ ትታያለች። ሻማው በጠፋችው ፀሐይ ፋንታ የቆመ ነው። አርባ ምንጭ ደግሞ ከምድር ወገብ 6 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ሰሜን ናት። የዓመቱ አጭር ቀናችን ከ11 ሰዓት ተኩል ይበልጣል፤ ረጅሙም 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላም። ፀሐይ እኛን ጥላ አትሄድም። ደግሞም የእነሱ ጨለማ ወር የእኛ በጋ ነው። ገና ሲደርስ የጋሞ ሰማይ ጥርት ብሎ ነው የምናገኘው።

ደራሲዋ፦ ታዲያ የእኛ ጨለማ ምንድን ነው?

መምህሩ፦ ዝናቡ፣ ጉሙ፣ ጭቃው፣ የባዶ ጎተራው ወራት፣ የሰው መራራቅ። አንቺ ያደግሽው እዚህ ሙዝ በሚበቅልበት ቆላ፣ 1,285 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ክረምቱን በወጉ አታውቂውም ብል አትቀየሚኝ። ከዚህ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ብትወጪ ጨንቻ ትደርሻለሽ፤ ከፍታዋ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። ከእሷም በላይ 4,200 ሜትር ገደማ የሚሆነው የጉጌ ተራራ አለ። በሐምሌና በነሐሴ እዚያ ጎረቤት ከጎረቤት አይተያይም፤ ጉሙ ቀን በቀን ይጋርደዋል። ገብሱ ገና ማሳ ላይ ነው። ቤተሰቡን ደግፎ የሚያወጣው እንሰት ነው። ቤቱ ውስጥ እሳት ይነዳል፤ አባወራው ግን ብዙ ጊዜ እዚያ እሳት ዳር የለም። አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ሸማ ላይ ተቀምጧል።

ደራሲዋ፦ የዶርዜ የቀርቀሃ ቤት ሳይቀር ብዙ ሐሳብ ይሰጠኛል። ሲሠራ እስከ 12 ሜትር ይቆማል፤ ምስጥ ከሥር እየበላው ከዓመት ዓመት ያጥራል። እሱንም ጽፌዋለሁ።

መምህሩ፦ ጻፊው፤ ግን ቱሪስት የሚያየውን ያህል ብቻ ከጻፍሽ ገጹ ፖስት ካርድ ሆኖ ይቀራል። ያ ቤት ሲያጥር ውስጡ ማን አብሮት እያረጀ እንደሆነ ጻፊ። ባሏ ከተማ የቀረባት ሴት የቤቱን ማጠር በየማስቃላው ታየዋለች። ያኔ ምስጡ ታሪክ ይናገራል።

ደራሲዋ፦ እንግዲያው በዓሉ የመሃል ክረምት በዓል አይደለም ማለት ነው።

መምህሩ፦ የክረምት መውጫ በዓል ነው። የአገራችንን የእሳት ቀናት በተራ ቁጠሪያቸው። ነሐሴ 13 ቡሄ፤ ልጆች ሙልሙል ይቀበላሉ፣ ማታ ችቦ ይበራል። ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም ይሉ የለ? ቀጥሎ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ አለ። ከዚያ መስከረም 16 ደመራ። በደቡቡም ወላይታ ጊፋታን፣ ጎፋ ጋዜ ማስቃላን፣ ጋሞ ዮ ማስቃላን፣ ከፋ ማሽቃሮን የሚያከብሩት በዚሁ ሰሞን ነው። በቤተ ክርስቲያን የሚከበረው መስቀል በ2013 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። ሁሉም ብርሃን የሚያበሩት ዝናቡ ሲያቆም፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ ወንዙ ሲያሻግር ነው። ይህን ልብ በይ። ወንዙ ሲያሻግር የራቀ ሰው መምጣት ይችላል። የእኛ ብርሃን የሰውን መምጣት የሚጠብቅ ብርሃን ነው።

ደራሲዋ፦ የሸማኔው መምጣት።

መምህሩ፦ አዎ። ዓመቱን ሙሉ ሸማ ሲሠራ የከረመ የዶርዜ ሰው ለማስቃላ አገሩ ይገባል። ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው የሚደርሰው። ለእናቱ ልብስ፣ ለልጁ ጫማ፣ ለበሬው መዋጮ ይዞ መምጣት አለበት። ወንዶቹ ለበሬ መግዣ ሲያጠራቅሙ ነው የከረሙት፤ ሴቶቹ ቅቤ ሲያኖሩ። ለከብቱም ሣር ተከልሎ ይቆይለታል፤ በማስቃላ እንስሳም ቢሆን አይራብም። የተጣላ ደግሞ መታረቅ አለበት። ቂም ይዞ ማስቃላ መግባት ነውር ነው። አሁን ልጠይቅሽ፤ ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ነው ልብ ወለድ የሚሆነው?

ደራሲዋ፦ ሰዉ ሁሉ ከታረቀና ከጠገበ፣ እኔ የምጽፈው ግጭት የቱ ጋ ይገኛል? በዓሉ ራሱ ግጭቱን ጨርሶ ነው የሚያስረክበኝ።

መምህሩ፦ ጥያቄሽ ትክክል ነው፤ መልሱ ቀኑ ላይ አለ። በዓል ለደራሲ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ቀነ ገደብ ነው። መስከረም 16 ማታ ችቦው ይለኮሳል፤ ማንንም አይጠብቅም። እስከዚያ ዕዳ መከፈል አለበት፣ ሁለት ወንድማማች መነጋገር አለባቸው፣ የቀረው ሰው መድረስ አለበት። ከቡሄ እስከ ደመራ አርባ ቀን አይሞላም። ልብ ወለድሽን በዚያ ውስጥ አኑሪው። ያኔ አንባቢሽ ዕለቱን እየቆጠረ ያነብሻል።

ደራሲዋ፦ ስለዚህ ታሪኩ ያለው በእርቁ ዋጋ ውስጥ ነው። ማን ምን ከፍሎ ታረቀ የሚለው ላይ።

መምህሩ፦ ማን መክፈል አቅቶት ቀረ የሚለውም ላይ። ያልመጣውን ሸማኔ አስቢው። ሁሉም ሲመጣ እሱ ያልመጣው ለምንድን ነው? ገንዘብ አጥቶ ይሆናል፤ ባዶ እጁን መግባት አፍሮ። ከወንድሙ ጋር በእንሰት መሬት ተጣልቶ ይሆናል። ከተማ ሌላ ትዳር መሥርቶም ይሆናል። እናቱ ግን ምንም ይሁን ምንም ቅቤዋን አኑራለታለች።

ደራሲዋ፦ ሌሎች ደራሲዎች በዓልን እንዴት እንደተጠቀሙበት ሳነብ እንግሊዛዊው ዲከንስ ላይ ቆሜ ነበር። ያ የገና ታሪኩ በታኅሣሥ 1843 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ለመጻፍ የፈጀበት ስድስት ሳምንት ያህል ነው። በዓሉ እንዲህ የሚያስቸኩል መንፈስ ሰጥቶት እንደሆነ ገረመኝ።

መምህሩ፦ ያስቸኮለው የድሃ ልጆች ነገር ነው። በዚያው ዓመት በፋብሪካና በማዕድን ጉድጓድ ስለሚሠሩ ሕፃናት የወጣ የመንግሥት ሪፖርት ደርሶት ነበር። በመስከረም ወር ደግሞ የለንደን ድሃ ልጆች የሚማሩበትን ትምህርት ቤት ሄዶ በዓይኑ አየ። ተቆጣ። መጀመሪያ በራሪ ጽሑፍ ሊያወጣ አስቦ ነበር፤ ኋላ ግን ታሪክ ቢሆን የበለጠ እንደሚሰማ ገባው። ቁጣው ቀድሞ ነበረ፤ ገና ደግሞ ለቁጣው ቀንና ቤት ሰጠው። አንዱ ንፉግ ሰው በአንድ ሌሊት መለወጥ አለበት፤ ሲነጋ በዓል ነው። የቀነ ገደቡን ሥራ አየሽው?

ደራሲዋ፦ እኔ ግን የተቆጣሁበት ነገር እንዳለኝ እርግጠኛ አይደለሁም። ደስታውን ነው ልጽፍ የፈለግኩት።

መምህሩ፦ ደስታውን የሚጽፍ ሰው የደስታውን ዝርዝር ማወቅ አለበት። ደራሲውን ጎጎልን ውሰጂ። በ1829 እ.ኤ.አ. የ20 ዓመት ወጣት ሆኖ ፒተርስበርግ ላይ ተቀምጦ፣ ዩክሬን ላለች እናቱ ደብዳቤ ጻፈ። የገጠሩን ልማድ፣ የሙሽራውን ልብስ፣ የበዓሉን ዘፈን፣ ሰው ስለ መናፍስት የሚያወራውን አንድ በአንድ ጻፊልኝ አላት። የገና ዋዜማ ታሪኩ ያለበት መጽሐፍ በ1831 እና በ1832 በሁለት ክፍል ወጣ። መነሳሻውን ቁጭ ብሎ አልጠበቀም፤ እናቱን ጠየቀ። የአንቺ አያት ደጋው ላይ አሉ፤ በስልክም ሆነ በእግር ይደረስባቸዋል።

ደራሲዋ፦ አያቴን ስጠይቃት የምትመልስልኝ አንዳንዴ እርስ በርሱ ይጣላል። ያልገባኝን ትቼ የገባኝን ብቻ መዝግቤአለሁ።

መምህሩ፦ የተውሽው ነው ወርቁ! ዳን ስፐርበር የሚባል ፈረንሳዊ አንትሮፖሎጂስት ዶርዜ ኖሮ አጥንቷል። በ1974 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ የጠቀሰው ነገር ዓለም ላይ ታዋቂ ሆነ። የዶርዜ ሰዎች ነብር ክርስቲያን ነው፣ ጾምም ይጾማል ብለው ነገሩት። ሆኖም ረቡዕና ዓርብም ከብታቸውን ከነብር መጠበቃቸውን አይተዉም። ስፐርበር ከዚህ ተነስቶ ሰው ምሳሌያዊ ነገርን እንዴት እንደሚያምን አንድ ሙሉ ንድፈ ሐሳብ ሠራ። ሳይንሱ ከዚያ ይህን ያህል ካገኘ ልብ ወለድ ምን ያህል ያገኝ! ነብሩ እንደሚጾም የሚያምን፣ ዓርብ ማታ ግን በረቱን ደግሞ ደጋግሞ የሚዘጋ ሽማግሌ ገጸ ባሕርይ ነው፤ ማብራሪያ አትጨምሪበት።

ደራሲዋ፦ ሌላ የሚያስፈራኝ ነገር አለ። ዛሬ ጋሞ ውስጥ ኦርቶዶክሱም አለ፣ ፕሮቴስታንቱም አለ፣ የአባቶቹን ሥርዓት የያዘም አለ። በዓሉ የማን ነው? ከመስቀል ጋር የመጣ ነው የሚል አለ፤ ከዚያ በፊት የነበረ የዘመን መለወጫ ነው የሚልም አለ። አንዱን ይዤ ብጽፍ ሌላውን አስቀይማለሁ።

መምህሩ፦ ያንን ክርክር አንቺ አትፍቺው፤ አንድ ቤት ውስጥ አስገቢው። አባት አለ፤ ችቦውን የአባቱ አባት እንዳደረገው ይለኩሳል። ልጁ ወንጌላዊ ሆኗል፤ ለበዓሉ መጥቷል፣ ቤተሰቡን ይወዳል፣ ችቦውን ግን ሊይዝ ኅሊናው አልፈቀደለትም። አባት ደግሞ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ብቻውን መያዝ አይችልም። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሁለት ልክ የሆኑ ሰዎች ሲጣሉ ነው ልብ ወለድ የሚጠነክረው። ለአንዳቸውም አትፍረጂ። ምንም ብትጽፊ ግን ሁለቱም አንዱ ሌላውን እንደሚወድ አንባቢ እንዳይጠራጠር አድርጊ።

ደራሲዋ፦ ደጋው ላይ ጎሜ የሚሉትም አለ። አንድ ሰው ክልክል የሆነውን ሲተላለፍ መዓቱ በእሱ ብቻ አይቀርም ይላሉ። ቤተሰቡ ይታመማል፣ ዝናብ ይቀራል፣ ከብት ይመነምናል። ሽማግሌዎች መርምረው ጥፋቱን ያወጡታል፤ አጥፊው በሰው ፊት ይናዘዛል።

መምህሩ፦ እሱም ሙሉ የልብ ወለድ አጽም ነው። አንድ ሰው የደበቀው ነገር የመንደሩን ሁሉ ዕጣ ሲነካ አስቢው። ምርመራው የሚካሄደው ዱቡሻ ላይ፣ ሸንጎው ፊት ነው። ለማስቃላ ጊዜ ደግሞ አዲስ ሙሽሮች በገበያ አደባባይ ለሕዝብ ይታያሉ፤ ሶፌ የሚባለው ነው። ሙሽራይቱ ቅቤ ተቀብታ፣ ሰው ሁሉ እያያት ትዞራለች። በዚያ ሰዓት ልቧ ውስጥ ምን አለ? የታሪክ መጻሕፍት ዙሩን ይነግሩሻል፤ ልቧን የምትነግሪን አንቺ ነሽ። ሴት ልጅ በጋሞ ታሪክ ተመልካች ብቻ ነበረች ብለሽም እንዳትነሺ። በዲታ ባላባት ሆና ሕዝብ ስለመራች ሴት ጁዲት ኦልምስቴድ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1997 እ.ኤ.አ. አንድ መጽሐፍ አሳትማለች። ስለዚያች ሴት እስካሁን በልብ ወለድ የጻፈ አላነበብኩም።

ደራሲዋ፦ ጋሼ፣ ቅድም እርቅን ሲያነሱ 2011 ዓ.ም. ትዝ አለኝ። ያን መስከረም።

መምህሩ፦ ሳናነሳው ብናልፍ ይቆጨኝ ነበር። ማስቃላ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አዲስ አበባ አጠገብ ቡራዩ ላይ ሰው ተገደለ፣ ቤት ተዘረፈ፤ ከተጎዱት ብዙዎቹ የጋሞ ሰዎች ነበሩ። ለበዓል ይመጣል የተባለ ሰው ሬሳው መጣ ወይም ወሬው መጣ። እዚህ አርባ ምንጭ ወጣቱ ተቆጥቶ ወጣ። በዚህ ከተማ የሚኖሩ ንጹሐን ሰዎች አደጋ ላይ ነበሩ። ያኔ የጋሞ ሽማግሌዎች የሰላም ምልክት የሆነውን ርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቱ አልፏቸው መሄድ ይችል ነበር፤ ግን ቆመ፤ ተመለሰ። በቀሉ ቀረ።

ደራሲዋ፦ አገሩ ሁሉ አወደሳቸው። እኔ ግን የማስበው ስለ ወጣቱ ነው። አንዱ ወንድሙ ሞቶበት ይሆናል። ሣሩን አይቶ ሲቆም ቁጣውን የት አደረገው? በዚያ ዓመት ችቦ ለኩሷል?

መምህሩ፦ አሁን ታሪክ አገኘሽ። ይህንን ጥያቄ ጋዜጣ አልጠየቀም፤ የዜናው ሥራ ሽማግሌዎቹን ማሳየት ነበር፣ አሳይቷል። የደራሲ ሥራ ወጣቱን ተከትሎ ቤቱ መግባት ነው። እናቱ ለሁለት ልጅ ቅቤ አኑራ ነበር፤ አንዱ አይመጣም። ሽማግሌውን አክብሮ የተመለሰው ልጅ ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም። ደመራው ሲደርስ ይወጣል ወይስ ቤቱ ይቀራል? ክረምት የሚባለው ጨለማ በዚያ ልጅ ውስጥ ነው ያለው። ብርሃኑ የሚመዘነውም እዚያ ደረሰ አልደረሰ በሚለው ነው።

ደራሲዋ፦ የሰው ሐዘን መነገጃ እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ።

መምህሩ፦ ያ ፍርሃት አይልቀቅሽ። የሟች ስም አትንኪ፤ የማንንም ቤት ለይተሽ አትሳዪ፤ የየትኛውንም ሕዝብ ስም ጥፋተኛ አድርገሽ አትጻፊ። ሽማግሌዎቹ የተንበረከኩት ጥፋቱ በሕዝብ ላይ እንዳይለጠፍ ነው። መጽሐፍሽም ከእነሱ ሥራ እንዳያንስ።

ደራሲዋ፦ ቋንቋውስ? ሰዎቼ በልባቸው የሚያወሩት በጋሞኛ ነው፤ እኔ የምጽፈው በአማርኛ ነው።

መምህሩ፦ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ወጣት ሳለ ስለ ጉራጌ መንደር ልብ ወለድ የጻፈው በቸሃ ቋንቋ ነበር፤ የቋንቋ ምሁሩ ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት በ1964 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ታተመ። የእንሰት አገር ሰው በራሱ ቋንቋ ልብ ወለድ መጻፍ እንደሚችል ያኔ ታይቷል። በጋሞኛ መጻፍ ከቻልሽ ጻፊ። በአማርኛ ከጻፍሽም ዱቡሻን ዱቡሻ፣ ጎሜን ጎሜ በይ፤ አንባቢው ከነገሩ ሂደት ይረዳዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያወጡ የጎጃምን ሥርዓት በየዝርዝሩ ነው ያስገቡት። አርባ ምንጭ ያለ አንባቢ ጎጃምን ሳያይ ተቀብሎታል። ጎጃም ያለው አንባቢም ዶርዜን ይቀበላል፤ በቅንነት ከተጻፈለት።

ደራሲዋ፦ በዓሉ ራሱ እየተለወጠ መሆኑንስ? አሁን መድረክ አለ፣ ካሜራ አለ፣ ንግግር አለ። ልጆች ማስቃላን የሚያውቁት ከስታዲየም ነው።

መምህሩ፦ መድረኩ መኖሩ አይከፋም፤ ባህሉን ላላየ ያሳያል። መድረክ ማሳየት የማይችለው ግን ዋዜማውን ነው። የአንዲት ሴት የዓመት ቅቤ መድረክ ላይ አይታይም። ሁለት ወንድማማቾች የተነጋገሩት ቃል በድምፅ ማጉያ አይሰማም። ይህን የሚይዝ ልብ ወለድ ብቻ ነው። ካልተጻፈ እሳቱ እየታየ ምክንያቱ ይረሳል።

ደራሲዋ፦ እንግዲህ የጻፍኩትን ገጽ ወደ መጨረሻው ላሻግረው። መጽሐፉ በቡሄ ማግስት፣ ጨንቻ መንገድ ላይ፣ የመጣ ሰው እንዳለ ለማየት በወጣች እናት ይጀምር።

መምህሩ፦ ጀምሪው። ካንቺ ጋር ለሚጽፉ የአርባ ምንጭ፣ የጨንቻ፣ የቦንኬ፣ የዲታ ልጆችም ይህን ንገሪልኝ። ቡሄ ሲያልፍ ወደ ደጋው ውጡ፤ ደመራውን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፤ ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት አያቶቻችሁ ዘንድ ተቀመጡ። ማን ከማን ጋር ተጣልቶ እንዴት እንደታረቀ፣ ማን እንዳልመጣና ለምን እንደቀረ ጠይቁ፤ የሚነግሯችሁን እርስ በርሱ ቢጣላም መዝግቡ። የሚያውቁት ሽማግሌዎችና እናቶች ዛሬ በሕይወት አሉ። ጽፋችሁ አሳትሙት።